መጠለያው የት ይሁን? ዲሲ በስምንት ዋርድ ያካፈለችው ሸክም

ታክሲ እነዳ በነበረበት ጊዜ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚገባበት አንድ ማታ፣ ከዩኒየን ስቴሽን አንዲት እናት ጫንኩ። ሁለት ልጆች ይዛለች። ትንሹ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ጥሎታል። ትልቋ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች። እናትየዋ አድራሻውን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ «19ኛው እና ማሳቹሴትስ፣ ሳውዝ ኢስት።» ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኳትም። በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የነዳ ሰው ያን አድራሻ ያውቀዋል። ከጎኑ የከተማው እስር ቤት አለ። ወረድ ሲሉ የአናኮስቲያ ወንዝ ነው። እዚያ መሃል ድሮ ሆስፒታል የነበረ ሰፊ ግቢ ተዘርግቷል።

ልንደርስ ስንል ትልቋ ልጅ «እዚህ ጋ ይበቃናል» አለች። በሩ ገና ነበር። ንፋሱ ደግሞ ሰው አያስቆምም። እናትየዋ ግን ምንም ሳትል ሂሳቧን ከፍላ ወረደች። የት እንደሚገቡ እንዳላይ ፈልገው እንደሆነ የገባኝ መኪናውን ካዞርኩ በኋላ ነው።

የቤት አልባ ሰዎች መጠለያ የት ይሠራ የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ያቺ ልጅ ትመጣብኛለች። ክርክሩ ሁሌ የሚጀምረው በካርታ ነው። ይሄ ቦታ ፓርኪንግ የለውም፣ ያኛው ለትምህርት ቤት ይቀርባል፣ ወዲያኛው ደግሞ ውድ ነው ይባላል። ለሚገባበት ሰው ግን አድራሻው ብዙ ነገር ይናገራል። ከተማው የት ሊያየው እንደሚፈልግ፣ የት ደግሞ ሊያየው እንደማይፈልግ ይነግረዋል።

ዛሬ የዲሲን ታሪክ ላወራችሁ ነው። ይህችን ጥያቄ ፊት ለፊት ይዛ፣ ተጣልታ፣ ፍርድ ቤት ቆማ፣ በመጨረሻም መጠለያዎቹን የሠራች ከተማ ናት። የእኛ ሰውም በብዛት ያለባት ከተማ ናት። ክርክሩ ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ለጊዜው ነው» የተባለው ሆስፒታል

ዲሲ ጀነራል የከተማዋ የሕዝብ ሆስፒታል ነበር። ገንዘብም ኢንሹራንስም የሌለው ሰው የሚታከምበት። በ2001 የሆስፒታልነት ሥራው ተዘጋ። ሕንፃዎቹ ግን እዚያው ቆሙ። በ2007 ከተማው ዲሲ ቪሌጅ የሚባለውን የቤተሰቦች መጠለያ ዘጋ። ዲሲ ቪሌጅ ራሱ በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ፣ ሱቅም ሰፈርም በራቀው ቦታ ላይ የነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቦች ወደ ባዶው ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። ለጊዜው ነው ተባለ። ያ «ለጊዜው» ከ10 ዓመት በላይ ቆየ።

እዚህ ላይ የዲሲን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ብርዱ ውሃ የሚያረጋበት ደረጃ ሲደርስ ከተማው መጠለያ የጠየቀውን ሰው ሜዳ ላይ መተው አይችልም። ስለዚህ ያኔ በሙቀቱ ወራት «ቦታ የለም» ተብላ የተመለሰች እናት በብርዱ ወራት መብት ይኖራት ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ይመጣ ነበር። ከተማው ደግሞ የነበረው አንድ ትልቅ ግቢ ነው። እዚያ ከ250 በላይ ቤተሰቦችን አስገባ። ለበሽተኛ አልጋ ተብሎ በተሠራ ክፍል ውስጥ እናት ከነልጆቿ ታድራለች። መታጠቢያው ኮሪደር ላይ ነው፤ የጋራ ነው። ግቢው ሲሞላ የቀሩት በኒውዮርክ አቬኑ ዳር ባሉ ሞቴሎች ተበተኑ። በ2014 የብርድ ወራት እነሱም አልበቁም። ቤተሰቦች በወጣት ማዕከሎች የስፖርት አዳራሽ ውስጥ በመጋረጃ በመሰለ መከለያ ተለይተው እንዲያድሩ ተደረገ። ዳኛ ይህ ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስቆመው።

በዚያው ዓመት በማርች ወር አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ከዲሲ ጀነራል ጠፋች። ለመጨረሻ ጊዜ አብሯት የታየው እዚያው መጠለያ በጽዳት ሥራ ተቀጥሮ የነበረ ሰው ነው። ሰውየው ከሳምንታት በኋላ ሞቶ ተገኘ። ልጅቷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ከዚያ በኋላ በከተማው ፖለቲካ ውስጥ «ዲሲ ጀነራል ይዘጋ» የማይል ሰው አልነበረም። ሁሉም ተስማማ። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነበር። እሺ ይዘጋ፤ ሰዎቹስ የት ይግቡ?

ሃምሳ ሎሚ

ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በጃንዋሪ 2015 ሥልጣን ያዙ። በፌብሩዋሪ 2016 እቅዳቸውን ይፋ አደረጉ። አንድ ትልቅ መጠለያ ይዘጋል። በምትኩ በስምንቱም ዋርዶች አንዳንድ ትንንሽ መጠለያ ይከፈታል። አንዱም ከ50 ቤተሰብ በላይ አይይዝም። የስምንቱም አድራሻ በአንድ ቀን ተነገረ።

ዲሲን ለማያውቅ ሰው ስምንት ዋርድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ከተማዋ የተከፈለችባቸው ስምንት የምርጫ ክልሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ዋርድ የራሱን ሰው ለከተማው ምክር ቤት ይመርጣል። ዋርድ 3 በምዕራብ በኩል ያለው፣ ትልልቅ ዛፎችና ትልልቅ ቤቶች ያሉበት፣ ከሁሉም ሀብታሙ ነው። ዋርድ 7 እና ዋርድ 8 በአብዛኛው ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ናቸው። ነዋሪያቸው በብዛት ጥቁር ነው፤ ድህነቱም እዚያ ይበረታል። ከተማው ለዘመናት ማንም ጎረቤቱ እንዲሆን የማይፈልገውን ነገር ሁሉ ሲልክ የኖረው ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ጫፍ ነው። መጠለያውም፣ የቆሻሻ ማራገፊያውም፣ የአውቶቡስ ጋራዡም። ዋርድ 3 ውስጥ የከተማው የቤተሰቦች መጠለያ አልነበረም።

ስለዚህ «በየዋርዱ አንድ» የሚለው ሐሳብ ቀላል ይመስላል እንጂ ትልቅ ለውጥ ነበር። እኛ ጋ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባላል። የእቅዱ ብልሃት እዚያ ላይ ነው። አንድ ቦታ ብቻ መርጠህ ብትሄድ ሰፈሩ «ለምን እኛ ብቻ?» ይልሃል። ትክክልም ነው። ስምንቱን በአንድ ቀን ስታወጣ ያ ጥያቄ ከአፍ ይወድቃል። «ለምን እኛ?» ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ሁላችሁም።

ጭቅጭቁ ግን አልቀረም። በዚያው ወር ቀጠለ፤ በየዋርዱም መልኩ ይለያያል።

በዋርድ 5 የተመረጠው ቦታ ፋብሪካና መጋዘን ያለበት፣ ከአውቶቡስ ጋራዥ አጠገብ ያለ ነበር። ነዋሪዎቹ «ሕፃናትን የናፍጣ ጭስ ውስጥ ልታስገቡ ነው?» አሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት ተቃውሞ ነው። ውስጡን ሲያዩት ግን ስለ ልጆቹ የተነገረ እውነት አለው። ዋርድ 5 ደግሞ ሞቴሎቹ ያሉበት ዋርድ ነው። ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ ተቀብሏል።

በዋርድ 1 መጀመሪያ የተጠቆመው ቦታ 10ኛው ጎዳና ላይ፣ የእኛ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከ9ኛውና ከዩ ስትሪት ጥቂት ርምጃ ላይ ነበር። ያኔ ሰፈሩ በአዲስ ኮንዶሚኒየም እየተሞላ ነበር። የመሬቱ ዋጋ ጣሪያ ነክቷል። መጨረሻ ላይ መጠለያው ወደ 14ኛው ጎዳና ተዛወረ።

በዋርድ 3 ነገሩ ጠበቃ ይዞ መጣ። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ዋርድ 2ን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ የተቆጠረው የሴቶች መጠለያ ነው። ስለዚህ ለቤተሰቦች አዲስ የተሠሩት ሰባት ናቸው። ስምንት ነው ሲባል እየሰማችሁ ሰባት ብታገኙ እንዳይገርማችሁ።

ከሁሉም ይልቅ እቅዱን ያናጋው ግን የኪራዩ ነገር ነው። አብዛኞቹ ቦታዎች የግለሰብ ይዞታ ነበሩ። ከተማው ባለሀብቶቹ ሠርተው እንዲያከራዩት፣ እሱም ለረጅም ዓመት እንዲከራያቸው ነበር ሐሳቡ። ቁጥሩ ሲወጣ ኪራዩ በጣም ውድ ሆነ። ጋዜጦች ሲያጣሩ ደግሞ ከባለንብረቶቹ አንዳንዶቹ ለከንቲባዋ ምርጫ ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ከውሉ በኋላ መሬቱም መልሶ የባለሀብቱ ነው። ከተማው በሚሊዮኖች ከፍሎ በመጨረሻ እጁ ላይ ምንም አይቀርም።

የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ፊል ሜንደልሰን እቅዱን ይዘው ቀየሩት። በሜይ 2016 ምክር ቤቱ 13 ለ 0 ድምፅ ሰጠ። በዋርድ 3፣ 5 እና 6 መጠለያው ከተማው ራሱ ወደያዘው መሬት ይዛወር አለ። በዋርድ 1 እና 4 ደግሞ ቦታውን ገዝቶ የራሱ ያድርገው። ከንቲባዋ በጣም ተናደዱ። በምክር ቤቱ ሕንፃ ኮሪደር ላይ ሊቀመንበሩን ፊት ለፊት በስድብ ጭምር ውሸታም ብለው መናገራቸው በወቅቱ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ለውጡ ሥራውን ያዘገያል ብለው ነበር የሚሰጉት። እርግጥም አዘገየ። እኔ ግን ምክር ቤቱ ልክ ነበር እላለሁ። በኪራይ የቆመ መጠለያ ውሉ ባለቀ ማግስት ይፈርሳል። የከተማው የሆነ ሕንፃ ግን ለልጅ ልጅ ይቆያል። ከዚያ በላይ ደግሞ እምነት የሚባል ነገር አለ። ነዋሪው «ይሄ ለድሃ ነው ወይስ ለባለሀብት?» ብሎ ከጠረጠረ በኋላ ምንም ብትለው አይሰማህም።

ፓርኪንግ፣ ፎቅና ፍርሃት

የዋርድ 3 መጠለያ አይዳሆ አቬኑ ላይ፣ ከፖሊስ ጣቢያው አጠገብ ይሠራ ተባለ። ቦታው የፖሊሶች መኪና ማቆሚያ ነበር። የተወሰኑ ነዋሪዎች ተደራጅተው ተቃወሙ። የሰፈሩ የግንባታ ደንብ ከሚፈቅደው በላይ ፎቅ አለው አሉ። ፓርኪንጉ ይጠብባል አሉ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሞልቷል አሉ። አላማከራችሁንም አሉ። ነገሩ በመሬት አጠቃቀምና በግንባታ ደንብ ላይ ወደሚወስነው የከተማው አካል፣ ወደ ዞኒንግ ቦርዱ ሄደ። ቦርዱ በ2017 ፈቀደ። እነሱም ይግባኝ ጠየቁ። በ2018 የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት የቦርዱን ውሳኔ አጸና።

እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ ማንም ሰው ተነስቶ «ድሃ ጎረቤቴ እንዲሆን አልፈልግም» አይልም። ሕጉም እንዲህ ብሎ መከራከሪያ አይሰጥም። ሕጉ የሚሰማው ስለ ፎቅ ቁመት፣ ስለ መኪና ብዛት፣ ስለ ማስታወቂያ ቀን ነው። ስለዚህ ፍርሃት ያለውም ሰው፣ እውነተኛ ጥያቄ ያለውም ሰው በአንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ በፓርኪንግ ቋንቋ። ሰብሳቢው ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። ዋናው ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁሉንም «ክፉ ጎረቤት» ብሎ መፈረጅ እውነተኛውን ጥያቄ ይቀብረዋል። ሁሉንም «የቴክኒክ ጥያቄ ነው» ብሎ መቀበል ደግሞ ፍርሃቱን ሕጋዊ ልብስ ያለብሰዋል።

ስለ ፍርሃቱም ቢሆን አላሾፍም። ሕይወቱን ሙሉ ሠርቶ ቤት የገዛ ሰው፣ ያለው ሀብት ያ ቤት ብቻ የሆነ ሰው፣ «ዋጋው ይወድቅብኛል» ቢል አይፈረድበትም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቤቶች ጥናት ማዕከል በ2008 ያወጣው ጥናት አለ። ቤት አልባ ለነበሩ ሰዎች ከነድጋፉ የተሠሩ ቋሚ መኖሪያዎች አካባቢ ያለው የቤት ዋጋ አልወደቀም ይላል። ቋሚ መኖሪያና ጊዜያዊ መጠለያ አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ከጥናቱ በላይ አልናገርም። የራሴን ግምት ግን ልናገር። ሕንፃው በደንብ ከተሠራ፣ በደንብ ከተያዘ፣ መጠኑም ካልበዛ የሚፈራው ነገር የሚመጣ አይመስለኝም። ዲሲ መጠኑን 50 ላይ ያቆመችው፣ ሌት ተቀን ጥበቃ ያደረገችው፣ በየቦታው ከሰፈሩ ሰው ጋር የሚሠራ አማካሪ ቡድን ያቋቋመችው ለዚህ ነው። ቡድኖቹ ስለ ሕንፃው መልክ፣ ስለ መጫወቻ ቦታው፣ ስለ አጥሩ ተነጋግረዋል። ቦታው ይቅር ወይስ ይሁን የሚለው ግን ለእነሱ አልተተወም። እኔ ይህን አከፋፈል እደግፋለሁ። የት የሚለውን ሁሉን የሚያይ አካል ይወስን፤ እንዴት የሚለውን ሰፈሩ ይምከርበት። የት የሚለውን ለየሰፈሩ ብትተወው መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል። ሁሌ ሌላ ቦታ ይሆናል፤ «ሌላ ቦታ» ደግሞ ሁሌ ስብሰባ መምጣት የማይችለው ሰው ሰፈር ነው።

ውጤቱን ተመልከቱ። መጀመሪያ የተከፈቱት የዋርድ 4፣ 7 እና 8 መጠለያዎች ናቸው፤ በ2018። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ዲሲ ጀነራል ለቤተሰቦች ተዘጋ። የዋርድ 5 በ2019 ተከተለ። የዋርድ 3 የተከፈተው በ2020 ነው። ሁሉም መዘግየት በክስ ምክንያት አይደለም። ቦታ ሲቀየር ዲዛይኑም ፈቃዱም እንደገና ይጀመራል። ቢሆንም ጠበቃ መግዛት የቻለው ሰፈር ጊዜ መግዛት ቻለ። ወንዝ ማዶ ያለው ሰፈር «እኛማ ለምደናል» እያለ ቀድሞ ተቀበለ።

ስብሰባው ላይ ዝም ያለችው ሴት

ያን ሰሞን አንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። የሚታጠፉ የብረት ወንበሮች። ከበሩ አጠገብ አንድ ጀበና የሚያህል የቡና ማሽንና የወረቀት ኩባያ። ሰው ሞልቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። አንዱ ተነስቶ ስለ ወንጀል ይናገራል። አንዷ ስለ ልጆቿ ትናገራለች። «እነዚህ ሰዎች» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተባለ አልቆጠርኩም።

ከጎኔ በአርባዎቹ ውስጥ ያለች የእኛ ሴት ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ጃኬቷ ላይ ደርባለች፤ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ትመስላለች። ሀበሻ መሆኔን አይታ ቀስ ብላ በአማርኛ አናገረችኝ።

«ምን እያለ ነው ወንድሜ? ሁሉም አልገባኝም።»

አስረዳኋት። መጠለያው እዚህ እንዳይሠራ እየተከራከረ ነው አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤

«እኔ ከሁለት ልጆቼ ጋር ስምንት ወር ሸልተር ኖሬያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እናቴም አታውቅም።»

ተነሺና ተናገሪ አላልኳትም። እንዴት እላታለሁ? ክፍሉ ውስጥ ሦስት አራት የምናውቃቸው የእኛ ሰዎች ነበሩ። በእኛ ማኅበረሰብ «ሸልተር ገባች» የሚለው ወሬ ከሸልተሩ ይልቅ ያስፈራል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ላይ የሚያይህ ዓይን ይለወጣል ብለን እንፈራለን። ስለዚህ እንደበቃለን። ከዘመድ ሶፋ ወደ ጓደኛ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤት ወደ መኪና። ውል በሌለው ምድር ቤት የተከራየ ሰው ባለቤቱ «ነገ ውጣ» ሲለው ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።

አማርኛ ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዲሲ የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሊያስተናግዱባቸው ከሚገቡ ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስብሰባ ከመድረሱ በፊት ደውሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ያን ማታ ግን አስተርጓሚ አልነበረም። ማናችንም አልጠየቅንም። የመብቱ መኖርና መብቱን መጠየቅ ለየቅል ናቸው። እሷ ብትናገር ኖሮ ስብሰባው ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። «እነዚህ ሰዎች» ከተባሉት አንዷ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሥራ መጥታ ተቀምጣ ነበር።

ልጅ የሌለው ሰውስ?

የስምንቱ ዋርድ እቅድ ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ብቻቸውን ላሉ አዋቂዎች የነበረው ካርታ እንደ ድሮው ቀጠለ። የወንዶቹ ትልልቅ መጠለያዎች ኒውዮርክ አቬኑ እና አዳምስ ፕሌስ ዋርድ 5 ውስጥ ናቸው። ሌላው ዋርድ 8 ውስጥ፣ በድሮው የሴንት ኤልዛቤት የአእምሮ ሆስፒታል ግቢ ነው። መሃል ከተማ ያለው ትልቁ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በ1984 የቤት አልባዎች ተሟጋቹ ሚች ስናይደር ከ50 ቀን በላይ ከምግብ ታቅቦ የሬገን መንግሥት ባዶውን የፌዴራል ሕንፃ እንዲሰጥ ያስገደደበት ነው። ከአሜሪካ ኮንግረስ ሕንፃ፣ ከካፒቶል፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ያለው እሱ ነው። በምርጫ ወይም በዞኒንግ አልመጣም። በረሃብ ነው የመጣው።

ልጅ ስታሳይ ሰፈር ልቡ ይራራል። ለ52 ዓመት ብቸኛ ወንድ ግን ማን ይራራል? ስለዚህ የአዋቂዎቹ ክርክር ይበልጥ ይከብዳል። በ2023 ከተማው ዌስት ኤንድ ውስጥ፣ ከጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ አስተን የሚባለውን የተማሪዎች መኖሪያ በ27.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ባልና ሚስት ለሆኑ፣ ሕመም ላለባቸውና በትልልቅ አዳራሽ ውስጥ ማደር ለማይችሉ አዋቂዎች የግል ክፍል ያለው መጠለያ ሊያደርገው ነበር። ነዋሪዎች ወዲያው ከሰሱ። ትምህርት ቤት ይቀርበዋል፣ አልተማከርንም፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተደረገው ሽያጭ ግልጽ አልነበረም ተባለ። ያው የምናውቀው ዘፈን ነው። ሰዎች የገቡበት በ2024 መጨረሻ ነው። ከሀብታም ሰፈር አንዱ ውስጥ፣ በሜትሮ አጠገብ፣ ሐኪም ቤት ቅርብ። ሥራ ለሚፈልግ፣ ኩላሊቱን ለሚያሳጥብ ሰው ይህ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከዲሲ ቪሌጅ ጋር አወዳድሩት።

ቁጥሮቹስ ምን ይላሉ? በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ በሚደረገው ቆጠራ በ2016 ዲሲ ውስጥ 8,350 ቤት አልባ ሰዎች ተቆጥረው ነበር። ከግማሽ በላይ የሆኑት ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ናቸው። በ2025 ቁጥሩ 5,138 ሆነ። ቅናሹ የመጣው መጠለያ ቦታ በመቀየሩ ብቻ ነው ማለት አልችልም። የቤት ኪራይ ድጎማውም፣ ቤተሰቡ ከመውጣቱ በፊት የሚሰጠው እርዳታም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ቢሆንም «በየዋርዱ መጠለያ ከተሠራ ከተማው በቤት አልባ ይሞላል» ተብሎ ነበር። አልሞላም።

መሬቱ ሲፈለግ

በኦገስት 2025 ነገሩ ከከተማው ምክር ቤት እጅ ወጣ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቤት አልባ ሰዎች ወዲያውኑ ከዋሽንግተን መውጣት አለባቸው፣ የምናሳርፋችሁ ቦታ ይኖራል፣ ግን ከዋና ከተማው ርቆ ነው አሉ። ናሽናል ጋርድ ገባ። ድንኳኖች ፈረሱ። ከዚያ በፊት በጁን 2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ ከተሞች ደጅ የሚያድርን ሰው ማደሪያ ባይኖርም እንኳን መቅጣት ይችላሉ ብሎ ወስኗል።

«ርቆ» የሚለው ቃል ያመኛል። ዲሲ ቪሌጅም ርቆ ነበር። ዲሲ ጀነራልም ከሰው ዓይን ርቆ ነበር። ሰውየውን ስታርቀው ሥራው ይርቀዋል፤ ሐኪሙ፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ የሚያውቀው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይርቁታል። ከዚያ ለመመለስ ሁለት አውቶቡስ ይይዛል። መታወቂያውን ለማውጣት አንድ ቀን ይፈጅበታል። በዚህ መሃል ቀጠሮ ያልፈዋል። «እርዳታውን አልፈለገም» ይባላል።

ባለፈው በዚያው በ19ኛው ጎዳና በኩል አለፍኩ። እስር ቤቱ አሁንም አለ። ከግቢው ማዶ ያለው የድሮው አርኤፍኬ ስታዲየም ግን ፈርሶ አዲስ የእግር ኳስ ስታዲየም ሊሠራ ነው። የአሜሪካውን ኳስ ማለቴ ነው። በ2025 ምክር ቤቱ ስምምነቱን አጽድቋል። ከጎኑ አፓርታማዎች ተነስተዋል፤ ገናም ብዙ ይነሳሉ። ማንም አልፈልገውም ብሎ ለእናቶችና ለልጆች የተተወው አካባቢ አሁን ሁሉም የሚፈልገው ሆኗል።

የዋርድ 4ን መጠለያ ደግሞ 5ኛው ጎዳና ላይ፣ ከኬኔዲ ስትሪት አጠገብ ታገኙታላችሁ። ጥዋት አልፌ አውቃለሁ። ልጆች ቦርሳ ይዘው ከበሩ ወጥተው ከሌሎቹ የሰፈሩ ልጆች ጋር ተቀላቅለው ይሄዳሉ። የትኛው ከየትኛው በር እንደወጣ ዞር ብዬ ሳይ ለመለየት አልቻልኩም።